ሻንጣውን የሚሸከሙት ምን አሉ?

የኤቨረስትን ተራራ ስም ያልሰማች ከመካከላችን አትገኝም። እ.ኤ.አ. በ1953 የኒውዚላንዱ ኤድመንድ ሂላሪና ሼርፓው ቴንዚንግ ኖርጌይ ለመጀመሪያ ጊዜ ጫፉ ላይ ቆሙ። ዛሬ ለጀብዱ ብለው ብዙ ሺህ ዶላር ከፍለው የሚወጡት በርካታ ናቸው። ድንኳኑንና ስንቁን ተሸክሞ፣ ገመዱን ዘርግቶ ቀድሞ የሚወጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሼርፓ ነው።

ሼርፓዎች በኔፓል ደጋ የሚኖሩ ሕዝብ ናቸው። ከመቶ ዓመት በፊትም ቢሆን ብዙዎቹ ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግረው ዳርጂሊንግ ወደምትባል የሕንድ ከተማ ይሰደዱ ነበር። ቴንዚንግም በወጣትነቱ ከቤቱ ወጥቶ የሄደው ወደዚያው ነው። እንግሊዞች ለተራራ ጉዞ ተሸካሚ የሚቀጥሩት ከዚያ ነበርና።

አሜሪካዊቷ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ፕሮፌሰር ሼሪ ኦርትነር እነዚህን ሰዎች ማጥናት የጀመሩት በ1960ዎቹ ነው። በ1999 ስለ ሼርፓዎችና ስለ ኤቨረስት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ ተራራ ወጪዎቹ የጻፉትንና ሼርፓዎቹ ራሳቸው የሚሉትን ጎን ለጎን አስቀመጡት። ተራራ ወጪዎቹ «ታማኝ ናቸው፣ ፈገግታ አይለያቸውም» እያሉ ያመሰግኗቸው ነበር። ሼርፓዎቹ ግን ወደዚያ አደገኛ ቦታ የሚወጡት በመጀመሪያ ለደመወዙ ነው። ፈገግታው ውሸት ነበር ማለት አይደለም፤ ፈገግ ያለ ሰው ደመወዙን አያስብም ማለት ግን ስሕተት ነው። ይህን ለእናንተ ማስረዳት አያሻንም።

አሠሪዎቻቸውን «ሳሂብ» ይሏቸው ነበር። ቃሉ መነሻው ዐረብኛ ነውና እናውቀዋለን። በ1970ዎቹ ግን አጠራሩ እየቀረ ሄደ።

ቅር ሲላቸውም ዝም አላሉም። በዚያው በ1953፣ ካትማንዱ በሚገኘው የብሪታንያ ኤምባሲ ለቴንዚንግ ክፍል ሲሰጠው፣ ለጓደኞቹ የተሰጣቸው ማደሪያ ቀድሞ የፈረስ ጋጣ የነበረ ጋራዥ ሆነ። መጸዳጃ ቤት እንኳ አልነበረውም። በማግስቱ ጠዋት ሁሉም ወጥተው ከፊት ለፊቱ መንገድ ላይ ውኃ ሽንታቸውን ሸኑበት! ስንጽፈው ትንሽ አፍረናል፤ ነገር ግን መጸዳጃ የሌለው ማደሪያ የሰጠው ወገን ይፈር።

ሞቱም የሚበረታው በእነርሱ ላይ ነው። በ1922 በኤቨረስት የበረዶ ናዳ ወርዶ ሰባት ተሸካሚዎች ሲሞቱ ከእንግሊዞቹ አንድም አልሞተም። ሚያዝያ 18 ቀን 2014 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ 16 የኔፓል ሠራተኞች በአንድ ጠዋት አለቁ። መንግሥት በመጀመሪያ ለየቤተሰቡ 400 ዶላር ገደማ እሰጣለሁ ቢል ሼርፓዎቹ ተቆጡ፣ ሥራም አቆሙ። የሕይወት መድኑ ከ10,000 ወደ 15,000 ዶላር ከፍ እንዲል ተስማሙላቸው። እነርሱ ግን በዚያ ዓመት ሬሳ ያረፈበትን መንገድ አንረግጥም አሉ፤ በኔፓል በኩል የነበሩት ቡድኖችም ከሞላ ጎደል ሁሉም ድንኳናቸውን ነቅለው ተመለሱ።