ዋግና የባሌ ጦጣ

ከተክል ላይ የሚበላ ፍጥረት ሁሉ በአንድ ዓይን ሊታይ አይገባውም። ይህንንም በኡራንና በሞያሌ አካባቢ ለሚገኙ ገበሬዎች ለማስረዳት ከወሰኑ ማዶ ካለው ደጋ ሁለት ምሳሌ እናቀርባለን።

የመጀመሪያው የስንዴ ግንድ ዋግ ነው። ዋግ ፈንገስ ሲሆን፣ ሕይወት ካለው ተክል በቀር በሌላ ነገር ላይ አያድግም። ዱቄት የመሰለውን ቀይ ዘሩን ነፋስ ተሸክሞ ከአገር ወደ አገር ያደርሰዋል፤ ወሰን አያግደውም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1999 በዩጋንዳ የታወቀው ብርቱ የዋግ ዓይነት በኬንያ አልፎ በ2003 በኢትዮጵያ ተገኝቷል። እርሱን የሚቋቋመው ዲገሉ የተባለ ስንዴ በባሌና በአርሲ በሰፊው ከተዘራ በኋላ ደግሞ፣ በ2013 መጨረሻ ሌላ የዋግ ዓይነት ተነሥቶ ብዙ አዝመራ አጠፋ። ጉዳቱ የበረታው ብዙው ማሳ አንድ ዓይነት ዘር ብቻ ይዞ ስለ ነበረ ነው።

ሁለተኛዋ የባሌ ጦጣ ናት። ይህች ትንሽ እንስሳ ከኢትዮጵያ ደቡባዊ ደጋ በቀር በዓለም ላይ አትገኝም። እርሷም እንደ ዋግ በአንድ ተክል ተደግፋ ትኖራለች፤ ደኑ ባልተነካበት ስፍራ ከምግቧ ሦስት አራተኛ የሚያህለው ቀርከሃ፣ ይልቁንም ለጋ ቅጠሉ ነው። ነገር ግን ዋግ በሁለት ሳምንት ገደማ አዲስ ትውልድ ሲያፈራ፣ ጦጣዋ የምትወልደው አንድ አንድ ልጅ ነው፤ ቀርከሃው ሲመነጠርም እንደ ዋግ በነፋስ ተጉዛ ሌላ ደን ልታገኝ አትችልም። ስለዚህ ወደ ማሳ ወርዳ እህል ትበላለች፤ ከሌሎች ጦጣዎችም ጋር ትዳቀላለች። ለመጥፋት ከተጋለጡት እንስሳት መካከል የተመዘገበችውም በዚሁ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ዋግ የሚበረታው የሚመቸውን ተክል በየማሳው ስናበዛለት ነው፤ ጦጣዋም የምትጠፋው ተክሏን ስንጨርስባት ነው። ሁለቱም ነገር በሰው እጅ ይገኛል።

ስለዚህ ስንዴ የሚዘራ ገበሬ ከአንድ በላይ የተመሰከረላቸውን ዘሮች ይዝራ፤ ግንዱንም በጣቱ እያሸ ይመርምር፤ ቀይ ዱቄት ካገኘ ሳይውል ሳያድር ለእርሻ ሠራተኛ ያስታውቅ። ቀርከሃ የሚቆርጥም የበሰለውን እየመረጠ ለጋውን ይተው። በኡራን በቆሎና ማሽላ የሚዘራም ቢሆን ሁሉን ተስፋውን በአንድ ዘር ላይ አይጣል።