የቆርቆሮው ሁለት ፊት

ጂንካ ላይ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ብየዳ ቤት ከሩቅ ያስታውቃል። የረፋዱ ፀሐይ ሲያርፍበት ዐይን ይወጋል። ብርሃኑን እንዲህ የሚመልስ ክዳን ሙቀቱንም ይመልሳል ብሎ የገመተ ሰው አይፈረድበትም። እኩለ ቀን ላይ ከሥሩ የቆመው በያጅ የሚያውቀው ግን ሌላ ነው፤ አናቱ ላይ የጋለ ምጣድ የተደፋበት ያህል ይሰማዋል። በሩ ወለል ተደርጎ ተከፍቶ፣ ማራገቢያውም እየዞረ፣ ሙቀቱ ከራሱ ላይ አይወርድም።

የሚያብለጨልጭ ነገር ስለምን ይግላል? መልሱ የተገኘው በቁርጥራጭ ነው፤ ያገኙትም ሰዎች ስለ ጣሪያ እያሰቡ አልነበረም።

የመጀመሪያው ዊልያም ኸርሼል ነው፤ በሙዚቃ ሲተዳደር ኖሮ ዩራነስ የተባለችውን ፕላኔት ያገኘ ሰው። እ.ኤ.አ. በ1800 እንግሊዝ ውስጥ የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም በትኖ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር አስቀመጠ። የትኛው ቀለም ይበልጥ እንደሚያሞቅ ለማወቅ ነበር። ከቀዩ አሳልፎ፣ ዐይን ምንም በማያይበት ቦታ ያኖረው ቴርሞሜትር ከሁሉም በልጦ ተገኘ። ለካ የማይታይ ጨረር አለ። የጂንካውን በያጅ አናት የሚያነደውም ከዚያው ወገን ነው፤ የጋለው ቆርቆሮ ወደ ታች ይልከዋል፣ እሱም አየሩን አልፎ በቀጥታ ገላ ላይ ያርፋል። ማራገቢያ ላብ ያደርቃል እንጂ ጨረር አያስቆምም።

ከአራት ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጆን ሌስሊ ሁለተኛውን ቁራጭ ይዞ መጣ። አራት ማዕዘን የብረት ዕቃ ሙቅ ውሃ ሞላበት። አንዱን ጎን ወለወለው፣ አንዱን በጥቀርሻ አጠቆረው፣ በሌላው ላይ ነጭ ወረቀት ለጠፈ። ውሃው ያው፣ ሙቀቱም ያው ነው። ጥቀርሻው ብዙ ጨረር ረጨ፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ያልተጠበቀው ነጩ ወረቀት ነው፤ ከጥቀርሻው እምብዛም አላነሰም። የተወለወለው ብረት ግን ሙቀቱን ይዞ ቁጭ አለ።

የቆርቆሮው ጉዳይ እዚህ ላይ ይገለጣል። አዲስ ቆርቆሮ ከፀሐይ ብርሃን ከፊሉን ቢመልስም ቀሪውን ይውጣል፤ የዋጠውን መልሶ መርጨት ግን አይሆንለትም። ጥቁር ገጽ ከሚረጨው ሩቡን ገደማ ቢረጭ ነው። ነጭ ቀለም የመጣበትን ብርሃን አብዛኛውን ይመልሳል፣ የዋጠውን ጥቂትም ልክ እንደ ጥቀርሻ አውጥቶ ወደ ሰማይ ይጥላል።

ሦስተኛው ቁራጭ የሌሊቱን ይመለከታል። ለንደን የሚኖረው ሐኪም ዊልያም ቻርልስ ዌልስ እ.ኤ.አ. በ1814 ስለ ጤዛ ባሳተመው ጽሑፍ፣ ጥርት ባለ ሌሊት ሣር ሙቀቱን ወደ ሰማይ እየረጨ ከአየሩ ይልቅ እንደሚቀዘቅዝ፣ ጤዛም የሚይዘው ስለዚህ እንደሆነ አሳየ። የተወለወለ ብረት ግን ጤዛ የሚይዘው በጭንቅ ነው። የዛገ አሮጌ ቆርቆሮ ንጋት ላይ ከውስጥ ጠብ ጠብ የሚለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ዝገት ጥሩ ጨረር ረጪ ስለሆነ ሌሊት ይበርዳል። ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ኤሌክትሮድ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ይበላሻል፤ ጠዋት ሥራ የሚጀምር ሰው ደግሞ ብርዱን ለማባረር በር ዘግቶ ከሰል ያያይዛል፤ በተዘጋ ቤት ከሰል ማንደድ ገዳይ ነው።

የሚገርመው፣ ይህ ሁሉ ሲታወቅ ሞገዳሙ ቆርቆሮ ገና አልተፈለሰፈም። ሄንሪ ፓልመር ለንደን ላይ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1829 ነው። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ መጻሕፍት ውስጥ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ይህንኑ መንገድ እስከ ጫፉ ወስደው፣ ፀሐይ በቀጥታ እያረፈበት ከአካባቢው አየር በ5 ዲግሪ ገደማ የሚቀዘቅዝ ገጽ ሠርተዋል። የእኛ በያጅ ያን ያህል መሄድ አያስፈልገውም፤ ክዳኑን ከላይ ነጭ መቀባት ይረዳዋል።

ጂንካ ከምድር ወገብ 6 ዲግሪ እንኳ ሳትሞላ ነው ያለችው። ፀሐይ በመጋቢት መጨረሻና በጳጉሜን በቀጥታ ከአናት በላይ ታልፋለች፤ በሌላውም ወቅት ብዙ አትርቅም። እኩለ ቀን ላይ የሚመታው እንግዲህ ግድግዳው ሳይሆን ክዳኑ ነው፤ ጥቂት ብር ያለው ሰው መጀመሪያ ክዳኑ ላይ ያውለው። ገና የሚሠራ ከሆነ የቤቱን ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ያዙረው፣ በጣሪያው አናት ላይም ዝናብ የማያስገባ የአየር መውጫ ይተው። ቆላ ወርዶ ኦሞራቴ ላይ፣ የዳሰነች ሴቶች የሚሠሯቸው ክብ ጎጆዎች ሳይቀሩ ቆርቆሮ እየለበሱ ስለሆነ ነገሩ የብየዳ ቤት ብቻ አይደለም። የአሪ አንጥረኞች ግን ብረት እያጋሉ የሚውሉት በሣር ክዳን ሥር ነው፤ ሣሩ በውስጡ አየር ስለሚይዝ የታችኛው ፊቱ አይግልም።

ኮርኒስስ? ለመኖሪያ ቤት አቡጀዴም ማዳበሪያም ይረዳል። የብየዳ ፍንጣሪ በሚዘልበት ቤት ግን ሁለቱንም አልመክርም፤ ከሥር ሌላ ቆርቆሮ፣ በመሀል ክፍተት ትቶ መምታት ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ እኔን የማረከኝ የሌስሊው ብረት ነው። ከላይ ጠላት የሆነው ባሕርይ ከታች ወዳጅ ይሆናል፤ ያልተቀባው የውስጥ ፊት ከተቀባው ይልቅ ጥቂት ጨረር ስለሚረጭ የበያጁን ሙቀት ያቀልለታል። ቤት ለማሳመር ብለው ውስጡን ነጭ የሚቀቡ ሰዎች ሳያውቁ ሙቀቱን ይጋብዙታል። የከሰል ጭስ ያጠቆረውም እንዲሁ ነው፤ ያ ጥቀርሻ መታጠብ አለበት።

ለቀቢዎች አንድ ነገር፦ ዘይት ቀለም አዲስ ቆርቆሮ ላይ አይዘልቅም፤ ከዚንኩ ጋር ስለማይስማማ ተላቅቆ ይረግፋል። ቆርቆሮው ጥቂት ወራት ፀሐይና ዝናብ ይምታው፣ በደንብ ይታጠብ፣ ከዚያ ለውጭ የሚሆን ነጭ ፕላስቲክ ቀለም ሁለት ጊዜ ቀቡት። አቧራ ሲያለብሰው እጠቡት። ውስጡን አትንኩት።