ፈጣን ደጋን ሁሉ ምርጥ ነው?

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን በቀስት ሊያድን የተነሳ ሰው ኮምፓውንድ የሚባለውን ባለመዘውር ደጋን ለመግዛት ሲሄድ፣ ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው ፍጥነቱ ነው። ፈጣኑ ምርጡ ነው የሚለው እምነት መሠረት የለውም አይባልም፤ ፈጣን ፍላጻ በመንገዱ ላይ ዝቅ የሚለው ጥቂት ስለሆነ፣ አዳኙ ርቀቱን በትንሹ ቢስት እንኳ ስህተቱ ይቀልለታል። ደጋንን በዚህ አንድ ቁጥር ብቻ መመዘን ግን ጉዳት አለው፤ ጉዳቱም በገዢው ኪስ አያበቃም፤ ያለቦታው ተወግቶ ጫካ ውስጥ ሲማቅቅ የሚሞተው እንስሳም ይከፍላል።

አምራቾች የሚያስተዋውቁት ፍጥነት ብዙውን ጊዜ የሚለካው ለመሳብ 70 ፓውንድ ኃይል በሚጠይቅ፣ እስከ 30 ኢንች በሚሳብ ደጋንና 350 ግሬይን (23 ግራም ገደማ) በሚመዝን ቀላል ፍላጻ ነው። በዚህ አለካክ በሰከንድ 104 ሜትር የተጻፈበት ደጋን፣ 28 ኢንች በሚስብ፣ 60 ፓውንድ በሚበቃውና 420 ግሬይን ፍላጻ በሚጭን አዳኝ እጅ ወደ 85 ሜትር ይወርዳል። ይህን እያወቁ ትልቁን ቁጥር ብቻ ለጀማሪ የሚደጋግሙ ሻጮች ሊያፍሩ ይገባል። «አጋዘኑ ድምፁን ሰምቶ ሳይሸሽ ለመድረስ ፍጥነት ያስፈልጋል» የሚለው መከራከሪያም አያዋጣም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። በ25 ሜትር ርቀት የጅማቱ ድምፅ በ0.07 ሰከንድ ይደርሳል፤ ፈጣኑ ፍላጻ 0.24፣ ዘገምተኛው 0.29 ሰከንድ ይፈጅበታል። ሁለቱም በድምፅ ይቀደማሉ። ከበድ ያለ ፍላጻ ግን ከደጋኑ ጉልበት የበለጠውን ድርሻ ይዞ ስለሚሄድ ደጋኑን በሚያናውጽና በሚያስጮህ መልኩ የሚቀረው ይቀንሳል።

የሚዙሪው ሆለስ ዊልበር አለን እ.ኤ.አ. በ1969 የፈጠራ መብት ያገኘበት የዚህ ደጋን ትልቁ ጥቅም፣ ተስቦ ሲያልቅ እጅ ላይ የሚቀረው ሸክም ትንሽ መሆኑ ነው፤ በ80 በመቶ የሚያቀል የዛሬ ደጋን ከ60 ፓውንድ 12 ብቻ ያስቀራል። ለፍጥነት የተቀረጸ መዘውር ግን ገና ሲጀመር ይከብዳል፣ ክብደቱን እስከ መጨረሻው ይይዛል፣ ከዚያም በድንገት ይለቃል፤ እጅ ጥቂት ከላላም ጅማቱ ወደፊት መንጠቅ ይጀምራል። ለስላሳው መዘውር ቀስ ብሎ ከብዶ ቀስ ብሎ ይቀልላል፤ አዳኙም ረግቶ ያነጣጥራል። «በልምምድ ይለመዳል» ይባላል፤ ለብዙዎች እውነት ነው፣ የትኛው ለየትኛው እጅ እንደሚስማማም ማንም ከሩቅ ሊወስን አይችልም። ይሁንና የመስክ ልምምድ በሞቀ ጡንቻ ነው፤ አደኑ በኅዳር ብርድ ዛፍ ላይ ሰዓታት ከተቀመጡ በኋላ ነው።

70 ፓውንድ ካልሆነ አጋዘን አይወድቅም የሚሉም አሉ። በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች ግን ሕግ የሚጠይቀው ዝቅተኛው ከ30 እስከ 40 ፓውንድ ነው። ደጋንን ያለ ፍላጻ መልቀቅም ጉዳት የለውም ይባላል፤ ግን የደጋኑን ክንፎች ሊሰብር፣ ሰውም ሊያቆስል ይችላል።

እንግዲህ ሊገዙ ሲሄዱ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ደጋኑን ወደ ኢላማው እንዳቀኑ፣ ወደ ሰማይ ሳያነሱት ቀስ ብለው ይሳቡት። ካልቻሉ ክብደቱን ያስቀንሱ፤ በራስዎ የመሳቢያ ርዝመትና በራስዎ ፍላጻ የሚወጣውን ፍጥነትም እዚያው እንዲለኩልዎ ይጠይቁ።