ሌሊቱን ያደረ ሁሉ አልበሰለም፦ ስለ ስሎው ኩከር ተረትና እውነታ

ስሎው ኩከር የሚባለውን በዝግታ የሚያበስል የኤሌክትሪክ ድስት አዲስ የገዛ ሰው ከየአቅጣጫው የሚሰማው ምክር አንድ ነው፤ «ሁሉንም ከተት አድርገህ ክደነው፣ ሶኬቱን ሰክተህ ተኛ፣ ጠዋት ደርሶ ይጠብቅሃል።» ምክሩ ለቅልጥም ይሠራል። ለምስርና ለክክም ያስኬዳል። ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ላይ ሲደርስ ግን ያው ምክር ቤተሰቡን በሙሉ መጸዳጃ ቤት በር ላይ ያሰልፋል። ስለዚህ ዕቃ ከሚወሩት ተረቶች አንዳንዶቹ ቢበዛ ወጡን ነው የሚያበላሹት። የቦሎቄው ተረት የሚጎዳው በላተኛውን ስለሆነ ሰፊውን ቦታ እሱ ይወስዳል፤ ሌሎቹ በአጭሩ ይበቃቸዋል።

ተረት፦ ደረቅ ቀይ ቦሎቄ ስሎው ኩከር ውስጥ 8 እና 10 ሰዓት ከቆየ በስሏል፤ ይህን ያህል ሰዓት ሙቀት ላይ የቆየ ነገር ሰው አይጎዳም።

እንዲህ ብሎ የሚያምን ሰው አይፈረድበትም። ያደገበት ወጥ ቤት ያስተማረው ይህንኑ ነው። ዶሮ ወጥ የሚጣፍጠው ሽንኩርቱ ረጅም ሰዓት ስለተቁላላ ነው፤ ጅማት የበዛበት ሥጋም በችኮላ ከወጣ ጥርስ ይፈታተናል፣ ከቆየ ግን ከአጥንቱ ላይ ይረግፋል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚል ሕዝብ በዝግታ የሚያበስል ድስት ቢወድ ምን ይገርማል? ሳይንሱም እስከዚህ ድረስ ከእምነቱ ጋር ነው። ሥጋን ጠንካራ የሚያደርገው ኮላጅን የተባለ ፕሮቲን ከ70 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከፍ ባለ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ወደ ጄላቲን ይለወጣል፤ ለዚህ ሥራ ድስቱ መንተክተክ አያስፈልገውም፣ ትዕግሥት ይበቃዋል። ስህተቱ የሚመጣው ሥጋ ላይ የታየውን ቦሎቄ ላይ ስንደግመው ነው። ድስት ውስጥ ከሚገባው ነገር ለጊዜ የሚሸነፍ አለ፤ የተወሰነ የሙቀት ልክ ላይ ካልደረሰ በቀር ቢውልም ቢያድርም የማይሸነፍ አለ። የቦሎቄው መርዝ ከሁለተኛው ወገን ነው።

መርዙ ፋይቶሄማግሉቲኒን ይባላል። ሌክቲን ከሚባሉት የዕፅዋት ፕሮቲኖች አንዱ ሲሆን ስሙ የመጣው ቀይ የደም ሴሎችን እርስ በርስ ከሚያጣብቅ ጠባዩ ነው፤ መጠኑም የሚለካው በዚሁ የማጣበቅ ኃይሉ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ ምግብ ወለድ በሽታዎች ባዘጋጀው መጽሐፍ እንዳሰፈረው፣ በዚህ መለኪያ ጥሬ ቀይ ቦሎቄ ከ20,000 እስከ 70,000 ሲደርስ በደንብ የበሰለው ወደ 200 እና 400 ይወርዳል። ነጩ ቦሎቄ የቀዩን ሲሶ ያህል ይይዛል፤ ባቄላ ደግሞ ከ5 እስከ 10 በመቶውን ብቻ። ከጥሬው ቀይ ቦሎቄ 4 ወይም 5 ፍሬ ሰውን ለማሳመም ይበቃል። ሕመሙ በተበላ ከ1 እስከ 3 ሰዓት ውስጥ በማቅለሽለሽና በኃይለኛ ትውከት ይጀምራል፣ ተቅማጥና የሆድ ቁርጠት ይከተላል። አብዛኛው ሰው ምልክቱ ከጀመረ በ3 ወይም በ4 ሰዓት ውስጥ ያገግማል፤ ሆስፒታል የገቡም ግን አሉ፣ ብዙ ፈሳሽ ማጣት ለሕፃንና ለአዛውንት ቀልድ አይደለም።

ይህ መርዝ በደንብ በሚፈላ ውሃ ይጠፋል። በ100 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ መፍላት እንደሚያጠፋው በጥናት ታይቷል፤ የአሜሪካው መሥሪያ ቤት ለጥንቃቄ 30 ደቂቃ ይላል። ችግሩ ከዚያ በታች ባለው ሙቀት ነው። እዚያው መጽሐፍ ላይ እንደተጻፈው ቦሎቄ 80 ዲግሪ ድረስ ብቻ ሲሞቅ የመርዙ ኃይል እስከ 5 እጥፍ ሊጨምር ይችላል። በግማሽ እሳት የተነካው ከጥሬው ይብሳል ማለት ነው። በስሎው ኩከር የተሠሩ ምግቦች ሲለኩ ደግሞ የውስጣቸው ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ75 ዲግሪ ሳያልፍ ተገኝቷል። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው «ማታ ጨምረው፣ ጠዋት ብላው» የሚለውን ምክር ዳግመኛ አይሰጥም። ነገሩ አዲስ ግኝትም አይደለም፤ በ1970ዎቹ መጨረሻ በብሪታንያ በቀይ ቦሎቄ የታመሙ ሰዎች ጉዳይ ተመርምሮ እ.ኤ.አ. በ1980 በብሪታንያ ሜዲካል ጆርናል ታትሟል። ከ40 ዓመት በላይ የታወቀ ነገር ዛሬም የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ እየሠሩ ጥሬ ቦሎቄ፣ ውሃና ጨው አንድ ላይ ከትተው ክዳኑን የሚገጥሙ ሰዎች ጆሮ አለመድረሱ ያናድዳል። ቪዲዮው ክዳኑ ሲከፈት ያበቃል፤ ከምሳ በኋላ ያለውን ሦስት ሰዓት ማንም አይቀርጽም።

«ስንት ጊዜ እንደዚህ ሠርተን በልተናል፣ ምንም አልሆንንም» የሚል መልስ መምጣቱ አይቀርም። ሊሆን ይችላል። ስሎው ኩከር ሁሉ አንድ አይደለም፤ ከፍተኛው ላይ ሲደረግ ከሰዓታት በኋላ የሚንተከተክ ሞዴል አለ፣ ለብ እንዳለ የሚያድርም አለ። አሮጌው ከአዲሱ፣ ግማሽ ድረስ የተሞላው እስከ አፉ ከተሞላው ይለያል። ስለዚህ በስሎው ኩከር የበሰለ ቦሎቄ ሁሉ ያሳምማል ማለት አይቻልም፤ የእርስዎ ዕቃ የትኛው እንደሆነ ግን ክዳኑን በማየት አያውቁም። ፍሬው መለስለሱም ማረጋገጫ አይሆንም፣ መርዙ ጣዕምም ሽታም የለውምና። ሌላው መልስ «ሌሊቱን ዘፍዝፌዋለሁ» የሚል ነው። መዘፍዘፍ ጥሩ ነው፣ ከመርዙም የተወሰነውን ከውሃው ጋር ያስወጣል፤ የቀረውን ግን ከማፍላት በቀር የሚያጠፋው የለም። እናቶቻችን ቦሎቄን ሲዘፈዝፉ፣ ውሃውን ሲደፉ፣ በአዲስ ውሃ ጥደው ሲያንተከትኩ የሌክቲንን ስም ሰምተው አይደለም፤ ትክክለኛውን ነገር ግን ሲያደርጉ ኖረዋል። ነፍሮ በነበልባል እሳት እንጂ በለብታ ሲቀቀል ማን አየ?

ከሁሉ ጠንከር ያለው መከራከሪያ ታሪካዊ ነው፤ ዕቃው ራሱ የተፈለሰፈው ለቦሎቄ ነው ይባላል። እውነት ነው። አሜሪካዊው ፈልሳፊ ኧርቪንግ ናክሰን የባለቤትነት መብቱን እ.ኤ.አ. በ1940 ያገኘበት ድስት «ናክሰን ቢነሪ» ይባል ነበር፤ የቦሎቄ ማብሰያ እንደ ማለት ነው። ራይቫል የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1970 የናክሰንን ድርጅት ገዝቶ በዓመቱ «ክሮክ ፖት» ብሎ ለገበያ አወጣው። ናክሰንን ያነሳሳው ግን እናቱ የነገሩት የሊትዌኒያ አይሁዶች የሰንበት ምግብ፣ ቾለንት ነው። ቾለንት ሥጋ፣ ገብስና ቦሎቄ ያለበት ወጥ ሲሆን ዓርብ ማታ በዳቦ ቤት ምድጃ ውስጥ ገብቶ ያድራል። በሰንበት ማብሰል በሕግ ስለተከለከለ ምግቡ ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ላይ ወጥቶ በከፊልም ቢሆን መብሰል ነበረበት፤ ምድጃው የሚቀበለው ጥሬ ሳይሆን የጀመረ ድስት ነው። ታሪኩ ሙሉውን ሲነገር ተረቱን አይደግፍም፤ መጀመሪያ እሳት፣ ከዚያ ዝግታ የሚል ሥርዓት ነው ያለው።

ለደጋ ነዋሪ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ስለተቀመጠች ውሃ የሚፈላባት በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። በተራ ድስት 100 ዲግሪ አይገኝም ማለት ነው፤ ሙቀቱ ሲቀንስ ደግሞ መርዙን ለማጥፋት የሚፈለገው ሰዓት ይረዝማል። ስለዚህ በባሕር ጠረፍ ለሚኖር ሰው የተጻፈውን የ10 ደቂቃ ምክር እንዳለ መውሰድ አያዋጣም። ሥራው ከባድ አይደለም፤ ቦሎቄውን ቢያንስ 5 ሰዓት፣ ከተቻለ ሌሊቱን መዘፍዘፍ፤ ውሃውን ደፍቶ ማለቅለቅ፤ በአዲስ ውሃ ጥዶ ከተንተከተከ በኋላ ቆላ ላይ ሠላሳ ደቂቃ፣ ደጋ ላይ ፍሬው እስኪለሰልስ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ ማፍላት። ፕሬሸር ኩከር ያለው ሰው ከዚህ ጭንቀት ነፃ ነው፣ በእንፋሎት ግፊት ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ያልፋልና። የቆርቆሮ ቦሎቄም ቀድሞ የበሰለ ስለሆነ በቀጥታ ይገባል። ከዚህ በኋላ ስሎው ኩከሩ የሚችለውን ይሥራ፤ ቅመሙን ያስገባ፣ መረቁን ያወፍር፣ ባለቤቱ ሥራ ውሎ ይምጣ።

የቀሩት ተረቶች ይህን ያህል አያደክሙም።

ተረት፦ ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ የመብራት ሒሳብ ያንራል። እውነታው የተገላቢጦሽ ነው። የተለመደ ስሎው ኩከር ከ100 እስከ 300 ዋት ይወስዳል፤ 200 ዋት የሚወስደው 8 ሰዓት ሲሠራ የሚቆጥረው 1.6 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ያንኑ ያህል ለመቁጠር ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

ተረት፦ ዶሮ ወጥን ከሽንኩርቱ ጀምሮ ሠርቶ ይጨርሳል። ቁሌት ውሃው መትነን አለበት፤ የስሎው ኩከር ክዳን ደግሞ እንፋሎቱን መልሶ ድስቱ ውስጥ ያንጠባጥበዋል። ውጤቱ በርበሬ የገባበት የተቀቀለ ሽንኩርት ነው። ሽንኩርቱንና በርበሬውን ምድጃ ላይ አቁላልቶ ሥጋውን ለስሎው ኩከር መስጠት ነው የሚያዋጣው፤ ውሃውንም ምድጃ ላይ ከሚለመደው መቀነስ፣ አይተንምና።

ተረት፦ በየጊዜው ከፈት አድርጎ ማማሰል ያስፈልጋል። አያስፈልግም። ክዳኑ በተከፈተ ቁጥር የተጠራቀመው ሙቀት ይወጣል፣ መብሰያው ሰዓትም ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ሊገፋ ይችላል። ድስቱን ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ሞልቶ መተው ይሻላል።

ተረት፦ ትናንት የተረፈውን ማታ ጨምሮ ማሞቅ ይቻላል። የሞቀን ምግብ ሙቅ አድርጎ ማቆየትና የቀዘቀዘን ምግብ ማሞቅ ሁለት ሥራ ነው። ስሎው ኩከር የመጀመሪያውን ይችላል፤ ለሁለተኛው በጣም ይዘገያል። ፍሪጅ ያደረ ወጥ መጀመሪያ ምድጃ ላይ እስኪንተከተክ ይሙቅ።

ተረት፦ መብራት ጠፍቶ ቢመለስም ችግር የለም፣ ከቆመበት ይቀጥላል። ቤት ውስጥ ሰው ካለ ምግቡን ወዲያው ጋዝ ወይም ከሰል ላይ ይጨርሰው። ሁሉም ሥራ ውሎ ሲመጣ የድስቱ ሰዓት ዜሮ እያለ ብልጭ ድርግም የሚል ከሆነ ግን መብራቱ ለስንት ሰዓት እንደጠፋ የሚናገር ስለሌለ፣ ቢያሳዝንም የሚሻለው መድፋት ነው።

ተረት፦ ከፍሪዘር የወጣ ዶሮ እንዳለ ይገባል፣ ሲሞቅ ይቀልጣል። ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ውስጥ ነው። በረዶ የሆነ ዶሮ በስሎው ኩከር ይህን መንገድ የሚያልፈው በሰዓታት ነው፤ ስለዚህ ዶሮው ከአንድ ቀን በፊት ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ስህተቱ ከቦሎቄው ጋር አንድ ነው፤ ለብታን ከማብሰል መቁጠር። እንቁላልም በእግሩ የሚሄደው እናቲቱ ከ37 ዲግሪ ትንሽ ከፍ ባለ ሙቀት ሦስት ሳምንት ስለታቀፈችው ነው። ያ ሙቀት ነፍስ ይዘራል እንጂ አያበስልም፤ ድስት ውስጥ ደግሞ ነፍስ የሚዘራው ለጫጩት አይደለም።