ጓያው ዝናብ አልጠየቀም

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ! አንድ ነገር ገብቶኛል፤ ለእናንተ ሳልነግር ማደር አልቻልኩም።

በየእንቁጣጣሹ የምንለውን ታውቃላችሁ። «ዘንድሮ አነባለሁ፣ እጽፋለሁ፣ ስፖርት እሠራለሁ።» እኔም ስንት ዓመት ብያለሁ። አዲስ ደብተር ገዝቼ በማስመሪያ አሰምርና በቀን 50 ገጽ ንባብ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሩጫ፣ ማታ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ብዬ እሞላዋለሁ። መስቀል ሳይደርስ ደብተሩ ይዘጋል። ወኔ የጎደለኝ ይመስለኝና አዝን ነበር። ለካ ችግሩ ሌላ ነው! ይህን የገለጠልኝ ደግሞ ጓያ ነው። አዎ፣ ጓያ!

ነገሩን ያየሁት በምኖርባት በወረታ አጠገብ ነው። ወረታን ለማታውቁ፦ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትጓዙ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ የደብረ ታቦር መንገድ የሚገነጠልባት ከተማ ናት። ዙሪያዋ የፎገራ ሜዳ ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ተዘርግቶ፣ ርብና ጉማራ እያቋረጡት፣ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚተኛበት ጥቁር ዋልካ። ቀድሞ ስሙ የሚነሣው በፎገራ ከብት ነበር፤ ዛሬ ሩዝ ሲባል የሚታወሰው እሱ ነው። የአገሪቱ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚሁ ወረታ ነው ያለው።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ አጎቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሩዙ ቢጫ ሆኖ ቆሟል፣ ገና አልታጨደም። አጎቴ በሩዙ መሃል ቀስ እያሉ እየተራመዱ አንድ ነገር በእጃቸው ይበትናሉ።

«ምንድን ነው የሚዘሩት?»

«ጓያ።»

«ዝናቡ ሄዶ የለም እንዴ?»

«ዝናብ ምን ያደርግለታል፣ ልጄ? የሩዙ እርጥበት አለለት።»

ቀስ ብለን እንየው። ሩዙ ክረምቱን ውኃ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። ዋልካው ያን ሁሉ ውኃ ይጠጣና ይዞ ይቆያል። ዝናቡ ሲያበቃ መሬቱ ከላይ እየደረቀ ይሄዳል፤ ከሥር ግን ገና ርጥብ ነው። የግብርና ባለሙያዎች «ቀሪ እርጥበት» ይሉታል። ገበሬው ሩዙን እስኪያጭድ ከጠበቀ ያ እርጥበት ያመልጠዋል። ስለዚህ ቀደም ብሎ፣ ሩዙ እንደቆመ፣ ጓያውን ከሥሩ ይበትናል። ሩዙ ታጭዶ ሲነሣ ጓያው በቅሎ ይገኛል! ለብቻው አልታረሰለት፣ ለብቻው አልዘነበለት፤ በሌላ አዝመራ ውኃ በበጋ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል። (ጓያ ተዘውትሮ ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ አውቃለሁ፤ የማረከኝ አዘራሩ ነው።)

ወደ ከተማ ስመለስ መንገድ ላይ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። እንዴ! የእኔ እቅዶች በሙሉ የየራሳቸውን ዝናብ የሚጠብቁ ነበሩ! ለንባቡ አዲስ ሰዓት፣ ለሩጫው አዲስ ንጋት፣ ለጽሑፉ አዲስ ጸጥታ። ዝናባቸው ደግሞ ወኔ ነው። ወኔ መስከረም ላይ ይዘንባል፣ ጥቅምት ላይ ያባራል። ታዲያ በእኔ ቀን ውስጥ ሁልጊዜ ርጥብ የሆነው መሬት የቱ ነው? ማንም ሳይጎተጉተኝ፣ ሳላስበው፣ በየቀኑ የማደርገው ምንድን ነው?

ቡና!

ቤታችን ጠዋት ቡና ሳይፈላ ቀርቶ አያውቅም። ቡናው ከፈላ በኋላ ጀበናው ከእሳት ወርዶ እስኪሰክን የሚጠበቅባት ጊዜ አለች አይደል? እኔ በዚያች ጊዜ ስልክ እነካካ ነበር። አሁን መጽሐፉን እዚያው ረከቦቱ አጠገብ አስቀመጥኩት። ጀበናው ሲወርድ መጽሐፉ ይገለጣል፣ በቃ። ሦስት ገጽ ያህል አነባለሁ። ሦስት ገጽ ምን አላት ትሉ ይሆናል፤ በዓመት ግን ከ1,000 ገጽ ታልፋለች! ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙትን «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ውፍረቱን እያየሁ ስንት ዓመት ሸሽቼው ነበር። ዘንድሮ ጀበና እያሰከንኩ ጨረስኩት።

ቆይ፣ ገና አላለቀም። መሬቱ ተገኘ፤ ዘሩስ ስንት ይሁን? በቀን 50 ገጽ ብዬ የወደቅሁት እኔ ነኝ፤ ልክ የሚያስተምረኝ ፈለግሁ። ያገኘሁት እናቴ ትራስ ሥር ነው። ዳዊቷ!

ዳዊት 150 መዝሙር ነው። ሁሉንም ባንድ ጊዜ ልድገም ያለ ሰው ይደክመዋል። አባቶች ታዲያ አሥር አሥሩን መዝሙር አንድ ላይ ቋጠሩና «ንጉሥ» አሉት፤ 15 ንጉሥ ሆነ። ከዚያ ለሳምንቱ አደሉት። ሰኞ ሦስት ንጉሥ፣ ማክሰኞ ሦስት፣ ረቡዕ ሁለት፣ ሐሙስ ሦስት፣ ዐርብ ሁለት፣ ቅዳሜ ሁለት። እሑድ የነቢያት ጸሎትና መኃልየ መኃልይ ይደርሳል። እናቴ ጠዋት ተነሥታ «ዛሬ ስንት ልድገም?» ብላ ከራሷ ጋር ስትሟገት አይቻት አላውቅም። ሰኞ ከሆነ የሰኞውን ነው፤ ቀኑ ራሱ ነግሯታል! ሙስሊም ጓደኞቼም ይህን ስነግራቸው ሣቁ፤ ቁርኣን 30 ጁዝእ ተከፍሎ በረመዳን በየቀኑ አንድ አንድ ሲቀራ ያደጉ ናቸውና።

አሁን ያዙኝ፤ ያስጮኸኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው የሰውነት እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ ስንት ደቂቃ መሰላችሁ? 150! ልክ እንደ መዝሙሩ፣ 150! እስቲ በየመዝሙሩ ፈንታ አንድ አንድ ደቂቃ አድርጉ። ሰኞ 30፣ ማክሰኞ 30፣ ረቡዕ 20፣ ሐሙስ 30፣ ዐርብ 20፣ ቅዳሜ 20። ደምሩት! አንድ ደቂቃ አይተርፍ፣ አንድ ደቂቃ አይጎድል፤ እሑድም እረፍት። ጸሎትንና የእግር ጉዞን አንድ ናቸው ማለቴ አይደለም። አከፋፈሉን ግን በደስታ ተዋስኩት፤ ስንት ዘመን በስንት ሰው ሕይወት የተፈተነ አከፋፈል ነው።

ሩጫም የግድ አይደለም። ፈጠን ያለ እርምጃ ይበቃል። ልኩን እንዲህ ታውቁታላችሁ፦ እየሄዳችሁ ከጓደኛችሁ ጋር ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን ትንፋሽ ያጥራችኋል። የምዘራበት እርጥብ መሬትም ተገኝቷል። ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን ትምህርት ቤት በር ላይ አስረክባለሁ። ጫማዬን አድርጌያለሁ፣ ከቤት ወጥቻለሁ፤ ከባዱ ነገር አልፏል! ከዚያ ቀጥታ ወደ ቤት መመለስ ትቼ በደብረ ታቦር መንገድ ወጣ እላለሁ። ቅዳሜ ትምህርት ስለሌለ ዳቦ ልገዛ በምወጣበት ነው።

ጽሑፉን የዘራሁት ማታ ስልኬን ቻርጅ ላይ ስሰካ ነው። ስልኩ ይሰካል፣ ደብተሩ ይከፈታል፣ ሁለት መስመር ይጻፋል። ለምን ሁለት? የቅኔ ተማሪ ስምንት ቤት ባለው በመወድስ አይጀምርም፤ ሁለት ቤት ብቻ ባለው በጉባኤ ቃና ነው። እኔ ቅኔ አልዘርፍም፤ ቀኑን ብቻ ነው የምጽፈው። አንዳንድ ማታ ሁለቱ መስመር ሃያ ይሆናል፣ አንዳንዴ ሁለት ሆኖ ይቀራል።

ይህ ሁሉ የኔ ግኝት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለንደን ውስጥም ተፈትኗል። ፊሊፓ ላሊ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታተለች። ሰዎቹ አንድ አዲስ ነገር መርጠው፣ ለምሳሌ ከቁርስ በኋላ ወይም ከእራት በፊት፣ በየቀኑ ከሚያደርጉት ነገር ጋር እንዲያያይዙት ተነገራቸው። ያ ነገር ሳይታሰብ የሚደረግ ልማድ ለመሆን ስንት ቀን ፈጀ? ለአንዱ 18 ቀን፣ ለሌላው በስሌት እስከ 254 ቀን፤ መሃል ላይ የቆመው ቁጥር 66 ነው።

66ን ቁጭ ብዬ በእኛ ዘመን አቆጣጠር ቆጠርኩት። መስከረም 1 የጀመረ ሰው፣ መስከረም 30፣ ጥቅምት 30፣ ስድስት ሲጨመር... ኅዳር 6! የቁስቋም በዓል! ፈጣኑ ሰው በመስቀል ማግስት ይለምደዋል፣ ዘገምተኛው ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ መሃለኛው ግን ከእንቁጣጣሽ እስከ ቁስቋም ነው። ቁስቋም ደግሞ መቼ ነው? ሩዙ ቢጫ ሆኖ ቆሞ፣ አጎቴ ጓያ በሚበትኑበት ሰሞን! ይህን ሳይ ብድግ ብዬ በግቢው ውስጥ ዞርኩ።

ጥናቱ ከነገረን ሁሉ የምወዳት አንዲት ነገር ግን ሌላ ናት። አንድ ቀን መዝለል ልማዱን አላፈረሰውም። እኔ በፊት አንድ ቀን ከዘለልኩ ደብተሩን እዘጋ ነበር! ባለፈው ልጄን አሞት ሦስት ቀን አልሄድኩም፣ ሁለት ማታም አልጻፍኩም። በአራተኛው ቀን ትምህርት ቤቱ በር ላይ ሳደርሰው እግሬ ራሱ ወደ ደብረ ታቦር መንገድ ታጠፈ። ሳላዘው! እዚያው ቆሜ እግሬን አየሁት፤ እርጥበቱ ከሥር አልደረቀም ነበር።

እስቲ አሁን ሁላችሁም የየራሳችሁን ንገሩኝ። ሳታስቡት በየቀኑ የምታደርጉት ምንድን ነው? ሱቅ መክፈት? ላም ማለብ? ባጃጅ ማጠብ? እዚያ ላይ ምን ይበተናል?

የፈለገ ደግሞ ነገ ሁለት ሰዓት ላይ ትምህርት ቤቱ በር ጋ ይጠብቀኝ። ሐሙስ ነው፤ ሦስት ንጉሥ፣ 30 ደቂቃ።