ታላቁን ባቡር በጠረጴዛ ላይ ለማቆም የትኛውን መግዛት ይገባል?

የእጅ ሥራ የሚወዱ ሰዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ከሚሠሩዋቸው ነገሮች አንዱ የባቡር አምሳያ ነው። ይኸውም እውነተኛው ባቡር በልክ ተቀንሶ፣ መንኰራኵሩና ጭስ መውጫው ሳይቀር፣ በጠረጴዛ ላይ በተዘረጋ ሐዲድ በኤሌክትሪክ ኃይል የሚሄድበት ሥራ ነው። በፋብሪካ የተሠራውን ገዝቶ ማስኬድ ቀላል ነው። ነገር ግን የወደድነው ባቡር አምሳያ በገበያ የማይገኝ ሲሆን፣ ሌላውን ገዝቶ፣ ቈርጦና ቀጥሎ ወደዚያ መለወጥ ያስፈልጋል። ያለ ጥናት የገዛ ሰው ግን ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን አንድ ደኅና አምሳያም ጭምር ያጠፋልና፣ ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው ስለ ምርጫው ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን፣ ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ሰሜን ምሥራቅ፣ በቲካ መንገድ በኩል ባለው በካሳራኒ የሚኖር አንድ የቤተሰብ አባት እናስብ። ካሳራኒ ስሙ የታወቀው በ1987 የመላ አፍሪካ ጨዋታዎች በተደረጉበት ስታዲየም ነው እንጂ በባቡር አይደለም። ሆኖም ከዚያ በማታቱ ተሳፍሮ ወደ መሐል ከተማ የሚወርድ ሰው፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስም ከተሰየመው ጐዳና አቅራቢያ በ1971 የተቋቋመውን የባቡር ሙዚየም ያገኛል። አባትየው ልጆቹን ይዞ በዚያ ያየውን የእንፋሎት ሎኮሞቲቭ፣ ማለት ፉርጎዎቹን የሚጐትተውን የባቡር ራስ፣ በቤቱ ለመሥራት ቢመኝ ምን ይግዛ?

በሙዚየሙ ካሉት ሁለት ዓይነቶች ልቡን ሊከፍሉት ይችላሉ። አንደኛው በግላስጎው ከተማ በኖርዝ ብሪቲሽ ፋብሪካ የተሠራው፣ በምሥራቅ አፍሪካ ሕዝቦች ስም የሚጠራው ክፍል 29 ነው። ከፊት ሁለት፣ በመሐል ስምንት፣ ከኋላ ሁለት መንኰራኵር አለው። ሁለተኛው በማንቸስተር ቤየር ፒኮክ የተባለው ፋብሪካ በ1955 እና በ1956 የሠራው ክፍል 59 ነው። ይህ 32 ሜትር ገደማ ርዝመትና 252 ቶን ገደማ ክብደት ያለው፣ አንድ ሜትር ስፋት ባለው ሐዲድ ከሄዱት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሁሉ በጕልበት የሚበልጥ ነው። ከሞምባሳ የባሕር ጠረፍ ተነሥቶ ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ወዳለው ወደ ናይሮቢ ከባድ ጭነት ይጐትት ነበር።

ጀማሪ ሰው ክፍል 29ን ይመርጣል፤ ምክንያቱም ተራ መልክ ያለው ስለሆነ የሚመስለው አምሳያ በቀላሉ የሚገኝ ይመስለዋል። እኛ ግን ከመልኩ በፊት ከበታቹ ያለውን እንዲያይ እንመክረዋለን። ጣሪያውን፣ በርሜሉንና ጭስ መውጫውን ከናስ ቆርቆሮ ወይም ከፕላስቲክ በእጅ መሥራት ይቻላል። ሻንሲውንና መንኰራኵሩን ግን በቤት የሚሠራ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ አምሳያ ገዛን ስንል በእውነት የምንገዛው ሻንሲ ነው።

መጀመሪያ የሐዲዱ ስፋት ይታይ። ኤች ኦ የሚባለው ልክ ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያነሰ ነው። በዚህ ልክ በብዛት የሚሸጠው ሐዲድ 16 ነጥብ 5 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው፣ በ87 ሲባዛ 1,435 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ይህ የአውሮፓ ሐዲድ ስፋት ነው እንጂ የናይሮቢው አይደለም። 12 ሚሊ ሜትሩ ግን 1,044 ይሆናልና ከአንድ ሜትር የሚበልጠው በጥቂቱ ነው። በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲው ባቡር ሐዲድም አንድ ሜትር ስለ ነበረ፣ ለናይሮቢ የተዘረጋው ጠረጴዛ ለለገሃርም ያገለግላል። 45 ሚሊ ሜትር የሆነው ትልቁ ልክ፣ ከእውነተኛው 22 ከግማሽ ጊዜ ያነሰው፣ ይበልጥ ትክክል ነው። ነገር ግን ክፍል 59 በዚያ ልክ 1 ሜትር ከ40 ስለሚሆን የመኖሪያ ክፍሉን ለባቡሩ መልቀቅ ሊያስፈልግ ነው፤ ለዚህም የባለቤቱን ፈቃድ መጠየቅ ይገባዋል።

ቀጥሎ መንኰራኵሩ ይለካ። የጃፓን ሐዲድ 1,067 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ የሚሄዱ የጃፓን አምሳያዎች አሉ። ከእነዚህም በጃፓን ከ1,100 በላይ የተሠራው ዲ 51 የሚባለው ሎኮሞቲቭ፣ በመንኰራኵር ብዛትና አሰላለፍ ክፍል 29ን ይመስላል። ነገር ግን የዲ 51 ዋና መንኰራኵር 1,400 ሚሊ ሜትር፣ የክፍል 29 ደግሞ 1,220 ገደማ ነው። ይህ በአምሳያው ላይ የሁለት ሚሊ ሜትር ልዩነት ስለሚሆን ዐይን ያየዋል። የክፍል 59 መንኰራኵር 1,372 ነውና ልዩነቱ የሚሊ ሜትር ሲሶ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ የሚመስለው ሳይስማማ ቀርቶ፣ ፈጽሞ የማይመስለው ተስማማ ማለት ነው።

ይህም የሆነው በጋራት አሠራር ምክንያት ነው። ጋራት የሚባለው ዓይነት፣ የመጀመሪያው በ1909 የተሠራው፣ በሁለት ሞተሮች ላይ የተንጠለጠለ አንድ በርሜል ማለት ነው። ሁለቱ ጀርባቸውን ሰጥተው በሁለት ጫፍ ይቆማሉ፤ በርሜሉ በመካከላቸው በራሱ ድልድይ ላይ ያርፋል። ስለዚህ ሁለት የዲ 51 ሻንሲ ተገዝቶ አንዱ ወደ ፊት፣ ሌላው ወደ ኋላ ቢዞር የሥራው ግማሽ ያልቃል። ከውጭ በኩል ያለውን ባለ ሁለት መንኰራኵር በባለ አራት መለወጥ ብቻ ይቀራል። በየጫፉ ያሉት ታንኮች ከሻንሲው ጋር አብረው ስለሚዞሩ፣ 36 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ የሆነው ረጅም አምሳያ በጠባብ ቤትም ኩርባውን ይታጠፋል።

ሁለት መግዛት ወጪ መሆኑን አንክድም፤ በዚህ ልክ የሚሠሩት ብዙዎቹ ከናስ ስለሆኑ ውድ ናቸው። ነገር ግን የላይኛው አካል አያስፈልገንምና፣ ጣሪያው የተሰበረ ወይም ቀለሙ የተላጠ አሮጌ አምሳያ በርካሽ ቢገኝ ይሻላል። ሁለቱ ግን ከአንድ ፋብሪካ የወጡ ይሁኑ፤ ሞተሮቻቸው በፍጥነት ካልተስማሙ እርስ በርስ ይጓተታሉ። ሞተሩ በታንኩ ውስጥ የሚደበቅ መሆኑም ገንዘብ ከመከፈሉ በፊት ይለካ፤ ታንኩ ከበርሜሉ ዝቅ ያለ ነውና። በርሜሉ 26 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቱቦ ነው። ናሱንም ለመቍረጥ በካሙኩንጂ የሚሠሩትን፣ በስዋሂሊ ጁዋ ካሊ የሚባሉትን የብረት ባለሙያዎች መጠየቅ ይቻላል።

ጭስ መውጫውን የሚወስነው የተመረጠው ዘመን ነው። በመጀመሪያ ክብ ነበር፤ በኋላ በኦስትሪያዊው መሐንዲስ በጊዝል ስም የሚጠራው ጠፍጣፋው ተደረገላቸው። ቀለሙ ጠቈር ያለ ቀይ ነው። ከተሠሩት 34 ውስጥ ዛሬ የቀሩት ሁለት ብቻ፣ ቍጥር 5918 ማውንት ጌላይና ቍጥር 5930 ማውንት ሼንጌና፣ በዚያው ሙዚየም ስለሚገኙ ከሁለቱ የአንዱን ስም መርጦ፣ ሜትርና ማስታወሻ ደብተር ይዞ መሄድ ነው።