የመኪና እሽቅድድም ከአውራ ጎዳና ወደ ተከለለ ሜዳ የገባበት ሥርዓትና ለመተማ መስመር ያለው ትምህርት

ከአዘዞ ተነስቶ በአይከልና በገንዳ ውሃ በኩል መተማ ዮሐንስ የሚደርሰው መንገድ የምዕራብ ጎንደርን ቆላማ ወረዳዎች ከመሀል አገርና ከሱዳን ድንበር ጋር የሚያገናኝ ዋነኛ መስመር ነው። መንገዱ ወደ ቆላው ከወረደ በኋላ ቀጥ ብለው የተዘረጉ ሜዳማ ክፍሎች ስላሉት አሽከርካሪዎችን ለፍጥነት ይጋብዛል። በመሆኑም የፍጥነት ፍላጎት በሌላው ዓለም እንዴት ሥርዓት እንደተበጀለት መረዳት ለሥራ ኃላፊዎች ጠቃሚ ነው።

ድራግ ሬሲንግ በመባል የሚታወቀው የቀጥታ መስመር እሽቅድድም በአሜሪካ በአውራ ጎዳናዎች ላይ በሕገወጥ መንገድ ይካሄድ ነበር። ይህን አደጋ ለመግታት ዋሊ ፓርክስ እ.ኤ.አ በ1951 ብሔራዊ የሆት ሮድ ማህበርን መሠረቱ። ማህበሩም ተወዳዳሪዎችን ከመንገድ አውጥቶ አገልግሎት ወዳቆሙ የአውሮፕላን ማረፊያዎችና ለውድድሩ ወደተዘጋጁ ሜዳዎች እንዲገቡ አድርጓል።

በውድድሩ ሁለት ተሽከርካሪዎች ከቆሙበት ተነስተው በተለምዶ 402 ሜትር ይሮጣሉ። መነሻው ላይ ቢጫ መብራቶች ከበሩ በኋላ አረንጓዴው ሲበራ ይነሳሉ፤ ቀድሞ የተነሳ ቀይ መብራት በርቶበት ይሸነፋል። አነስተኛ አቅም ያላቸው ተሽከርካሪዎች በሚሳተፉበት ዘርፍ ደግሞ እያንዳንዱ ተወዳዳሪ ርቀቱን በስንት ሴኮንድ እንደሚጨርስ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ ዝግተኛው ቀድሞ እንዲነሳ ይደረጋል። ካሳወቀው ጊዜ ፈጥኖ የገባ በአብዛኛው ተሸናፊ ስለሚሆን ድሉ የሚገኘው ተሽከርካሪን ጠንቅቆ በማወቅ ነው።

የውድድር ዘመኑ መክፈቻ የወራት ዝግጅት የሚፈተሽበት ነው። መክፈቻው ለበርካታ ዓመታት በካሊፎርኒያ ፖሞና ይካሄድ የነበረ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ በ2023 ወደ ፍሎሪዳ ጋይንስቪል ተዛውሯል። ተወዳዳሪው መስመሩ ላይ ከመቆሙ በፊት የራስ ቁር፣ የደህንነት ቀበቶ፣ ፍሬን፣ ጎማና የዘይት ፍሳሽ በባለሙያ ይመረመራሉ። ጉድለት የተገኘበት ተሽከርካሪ አይወዳደርም።

የአየር ጠባይም ውጤቱን ይወስናል። ሞቃት አየር ስስ በመሆኑ ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጉልበቱም ይደክማል። ሙቀት ከ40 ዲግሪ ሴልሲየስ በላይ በሚደርስበት የመተማ አካባቢ ደግሞ የጎማ ጉዳይ ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል፤ ነፋሱ የጎደለና ከመጠን በላይ የተጫነ ጎማ በፍጥነት ሲሽከረከር በቀላሉ ይፈነዳልና።

ይሁን እንጂ ትልቁ ፈተና መቆም ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር ፍሬን ከተያዘ በኋላ ለመቆም የሚያስፈልገው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። እ.ኤ.አ በ2008 ታዋቂው ተወዳዳሪ ስኮት ካሊታ በውድድር ላይ ሕይወቱ ካለፈ በኋላ፣ እጅግ ፈጣን የሆኑት ተሽከርካሪዎች የሚወዳደሩበት ርቀት ወደ 305 ሜትር እንዲያጥር ተደርጓል። ይህ የሆነው አጥር፣ የእሳት አደጋ ሠራተኞችና አምቡላንስ በተሟሉበት ሜዳ ነው።

የመተማ መስመር ግን ከእነዚህ አንዱም የለውም። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ተሽከርካሪ በየሴኮንዱ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። በዚሁ መንገድ ሰሊጥና ጥጥ የጫኑ የጭነት መኪኖች፣ ባጃጆች፣ የቀንድ ከብቶች፣ ለእርሻ ሥራ የሚመጡ የቀን ሠራተኞችና ተማሪዎች ይተላለፉበታል። በ2015 ዓ.ም የሱዳን ጦርነት በተቀሰቀሰበት ወቅትም በመተማ የገቡ በርካታ ተፈናቃዮች ያለፉበት ይኸው መስመር ነው።

ስለዚህ የተሽከርካሪ ስምሪት ኃላፊዎች ለውድድር መኪና የሚደረገውን ምርመራ ለመስሪያ ቤታቸው መኪናም ከጉዞ በፊት ሊያስፈጽሙ ይገባል። ለስብሰባ የዘገየ የሥራ ኃላፊም አሽከርካሪውን ከማጣደፍ ይልቅ ቀደም ብሎ መነሳት ይጠበቅበታል። ፍጥነት ለሚወዱ ወጣቶችም ተገቢው ቦታ የተከለለና ቁጥጥር ያለው ሜዳ እንጂ የሕዝብ መንገድ እንዳልሆነ ማስተማር የሁሉም ባለድርሻ አካላት ኃላፊነት ነው።